ብር የማያውቀው መብራት

እስከዳር ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በጥርስ ማከሚያው መብራት የመቶ ብር ኖት ስትመረምር አገኘቻት። መስኮቱ ገና አልተከፈተም፤ ቤቱ ድንግዝግዝ ብሏል። ከእናቷ ከሠርኬ ጣቶች መሐል የሚወጣው ወይን ጠጅ የቀላቀለ ሰማያዊ ብርሃን ኖቱ ላይ ሲያርፍ፣ ወረቀቱ ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ቀጫጭን ክሮች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ሠርኬ ኖቱን ገለበጠችው፤ በዚያኛውም በኩል አበራችበት፤ ከዚያ ልጇ መንቃቷን ሳታይ ለራሷ ሳቅ አለች። እስከዳር እንቅልፏ ብን ብሎ ጠፋ። እናቷ ስትስቅ ካየቻት ዓመት አልፎ ነበርና፣ መብራቱን ተይ ልትላት የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው።

“ብሩንም ያውቃል” አለች ሠርኬ በመጨረሻ ዞር ብላ። “አሸብር ከቻይና ዕቃ ሲያመጣ እንዲህ ነው። የጥርስ አምጣ ብለው የጥርስም የብርም የሚሆን አመጣልኝ።”

ለነገሩ በእናትና በልጅ መሐል ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠብማ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። እስከዳር ዱባይ ተራ ያለውን የእናቷን የጫማ ሱቅ ትታ የሰው አፍ ውስጥ መዋልን ከመረጠች ወዲህ፣ አብነት ባለው ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው “ራትሽ ተከድኗል”፣ “ውሃ መጥቷል”፣ “በሩን ቆልፊው” ብቻ ሆነ። ሠርኬ ልጇን ለሰው ስታስተዋውቅ እንኳ “ይቺ ሱቁን የተወችው ናት” ትላለች፤ ሌላ መጠሪያ የሌላት ይመስል። ትናንት አመሻሹ ላይ ግን ከሱቅ ገብታ ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም ያልተጻፈባት ነጭ ካርቶን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ አለፈች። እስከዳር ስትከፍታት እንደ እስክሪብቶ የቀጠነች፣ ቻርጅ የምትደረግ መብራት ወጣች። ወንበሩን፣ መቦርቦሪያውን፣ የግድግዳውን ቀለም ሳይቀር አሟልታ፣ ክሊኒኳን እንዳትከፍት የያዛት ይሄው መብራት ብቻ ነበር። ለእናቷ ነግራት አታውቅም። ሠርኬ ከማን ሰማች፣ መቼስ አዘዘች፣ አትጠየቅም። እስከዳር ሌሊቱን ካርቶኑን ራስጌዋ አድርጋ፣ አንዴ እየነካች አንዴ እየተወች ነው ያደረችው።

ክሊኒኩ አብነት ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ሞባይል ጠጋኝ ያሉበት ፎቅ ላይ፣ ሁለተኛው ደርብ ጥጉ ላይ ነው። ክሊኒክ ማለት ትንሽ ይከብዳል፤ አንድ ክፍል ናት። በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች፤ ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚ ወንበር፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሕክምናው ወንበር። ቀለሙ ገና ይሸታል። ከመስኮቱ ሥር ወያላው ይጮኻል፣ ጋሪ ይንጫጫል፣ ዕቃ የተሸከመ ሰው “ወገብ፣ ወገብ” እያለ ሕዝቡን ሰንጥቆ ያልፋል። እስከዳር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። የዚያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር፤ ቀኑ የአብነት ተራ ሆኖ ስላገኘችው ይህንንም ከመልካም ምልክት ቆጠረችው። ነጭ ካፖርቷን ለበሰች፣ አወለቀች፣ ተኮሰች፣ እንደገና ለበሰች። ደስታ ሰውን ሥራ ያስፈታል፤ እሷንም አስፈትቷታል።

ነጩ ሙሌት ከቱቦው ሲወጣ እንደ ታኘከ ማስቲካ ልስልስ ያለ ነው። የተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ ይጠቀጠቅና ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት እዚያው ይጠነክራል። ለሚያየው ሰው አስማት ነው። እስከዳር ተቀጥራ ስትሠራ በቆየችበት ክሊኒክ ስንቱን ጥርስ ሞልታ እንኳ ይህ ነገር ብርቅነቱ አልለቀቃትም። ያስተማሯት ሰውዬ ግን በአስማት የሚገረሙ አልነበሩም። “የላዩ መጠንከር አያታልላችሁ” ይሏቸው ነበር። “ብርሃኑ ታች ካልደረሰ ላዩ ድንጋይ፣ ሥሩ ሊጥ ነው።” ተማሪዎቹ በማያውቁት መብራት የሰው ጥርስ ከመንካታቸው በፊት ከእስክሪብቶ ቀፎ አጭር ቀለበት ይቆርጣሉ፤ ውስጡን በሙሌት ይሞላሉ፤ ከላይ ብቻ ያበሩበታል፤ ከዚያ ገፍተው አውጥተው ሥሩን በሹል መፈተሻ ይቧጭሩታል። ከሥር እንደ ላዩ ከጠነከረ መብራቱ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። እስከዳርም ይህን ልታደርግ ቀለበቷን ቆርጣ፣ ሞልታ፣ ብርጭቆ ሳህን ላይ አስቀምጣ፣ መብራቱን አነሳች። ያን ጊዜ የእናቷ ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ።

እዚህ ላይ ስለ መክፈቻ ማውራት ያስፈልጋል። ለመርካቶ ነጋዴ የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ መክፈቻ ነው። የመክፈቻ ገዢ አይጠብቅም፤ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የገዛው ዕቃ ደግሞ ምን ቢሆን ተመልሶ አይገባም። መክፈቻ የተመለሰ ዕለት ገበያው ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። ሠርኬ በዚህ አትቀልድም። አንድ ጊዜ ለመክፈቻዋ ሁለቱም የግራ የሆነ ጫማ ሸጣ፣ ሰውዬው ዕቃውን ታቅፎ ሲመለስ “የሸጥኩትን አልቀበልም” ብላ፣ ሌላ ደህና ጥንድ በስጦታ ጨምራ ሸኝታዋለች። ሁለቱን የግራ ጫማዎችም ይዞ እንዲሄድ አድርጋለች።

“መክፈቻሽን ይዤልሽ መጣሁ” አለች ሠርኬ መጋረጃውን ገልጣ።

ከኋላዋ ሰኪና ገባች። ሰኪና ዱባይ ተራ ከሠርኬ ሱቅ ፊት ለፊት ሻርፕና ቀሚስ ትሸጣለች፤ ጠዋት ከአፏ የወጣ ነገር ለምሳ ሰዓት የገበያ ጋለሪውን አዳርሶ ታክሲ ተራ ይደርሳል። ነገ ልጇን ፋጢማን ትድራለች። የፊት ጥርሷ ጠርዙ ተቦርቡሮ ጠቁሯል፤ ስለዚህ በሳቀች ቁጥር የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ሰኪና ደግሞ የማያስቃት ነገር ትንሽ ነው። ሠርግ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ እንግዳ መቀበል አምሯታል። ነገሩ ይሄ ነው፤ ይህ ጥርስ ካማረ የእስከዳር ስም በአንድ ቀን ይወጣል፤ ሠርጉ መሐል ከወደቀም እንዲሁ በአንድ ቀን።

“አንዴ ይቺን ልሞክርና” አለች እስከዳር ቀለበቷን እያሳየች።

“መክፈቻ ይጠብቃል እንዴ?” አለች ሠርኬ። የተናገረችው በቁጣ ቢሆን እስከዳር በተከራከረች ነበር። ግን በፈገግታ ነው። ዓመት ሙሉ “በሩን ቆልፊው” ሲላት የኖረ አፍ ፈገግ ሲል የማን አንጀት ይችላል? እስከዳር ቀለበቷን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጓንቷን አጠለቀች።

እጇ እንደዚያን ቀን ታዝዞላት አያውቅም። የጠቆረውን አጸዳች፣ ቀለሙን ከሰኪና ጥርስ ጋር አመሳስላ መረጠች፣ ሙሌቱን አስገብታ ጠርዙን ቀረጸችው። ሊበራ ሲል ሠርኬ ከጎኗ መጥታ “እኔ ልያዝልሽ” አለች። የጫማ ካርቶን ሲገለብጥ የኖረ ወፍራም ጣቷ ቀጭኗን መብራት ጥብቅ አድርጎ ያዘ። መብራቱ ሲበራ የሰኪና ነጭ ሻርፕ፣ የእስከዳር ካፖርት፣ አፍ ውስጥ ያለው ጥርስ ሁሉ በአንድ ላይ ቦግ አለ። ሦስቱም ተደነቁ። ሰኪና አፏን እንደከፈተች “ሱብሃነላህ” ለማለት ሞከረች። ሲጨርሱ እስከዳር ሙሌቱን በመፈተሻዋ ጫፍ መታ መታ አደረገችው፤ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። መስታወት ሰጠቻት። ሰኪና አየች፣ ሳቀች፤ እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመና ጭኗ ላይ ተመልሶ ወደቀ። ሠርኬ እልልታዋን ለቀቀችው። ልብስ ሰፊውና ሞባይል ጠጋኙም ምክንያቱን ሳያውቁ ከጎን ሆነው አጀቧት። ሰኪና የከፈለችውን ኖት ሠርኬ ከእጇ ተቀብላ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ከዚያ ለልጇ ሰጠቻት።

ሁለቱ ሴቶች እየተሳሳቁ ደረጃውን ሲወርዱ እስከዳር ትዝ አላትና የእስክሪብቶ ቀለበቷ ላይም የሰኪናን ጥርስ ያህል አበራችባት። ገፍታ ልታወጣት ስትል ግን የመጀመሪያው በሽተኛ በሩን አንኳኳ። ሰኪና ገና አስፋልቱን ሳትሻገር ወሬው ሥራውን ጀምሮ ኖሯል። አንዷ ጥርሷን ለማሳጠብ መጣች፤ አንዱ የሚነቀል ይዞ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳያማቸው “እስቲ እዪኝ” ብለው ገብተው ተመርቀው ሳይሆን መርቀው ወጡ። ደግነቱ የሚሞላ አልነበረም። እስከዳር ምሳም አላማራት፤ ለብቻዋ ስትሆን መስኮቱ ጋ ሄዳ ታክሲዎቹን እያየች እንደ ሕፃን ትስቃለች።

ከቀትር በኋላ ቶላ የሚባል ጎልማሳ ገባ። ሸክም ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው ላይ የታጠፈ ጆንያ አለ፤ ጉንጩ አብጧል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከደረት ኪሱ የመቶ ብር ኖት አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

“ዶክተር፣ መጀመሪያ ይሄን እዪልኝ” አለ። “ፎርጅድ ከሆነ ጥርሴንም ተዪው፤ ሌላ የለኝም።”

ከጠዋቱ ዱባይ ተራ ኸይረዲን የተባለው የጨርቅ ነጋዴ ጋ ለሚስቱ ቀሚስ ሊገዛ ገብቶ ነበር። ኸይረዲን አዲስ መብራት አውጥቶ ኖቱ ላይ አበራና ፎርጅድ ነው አለ። ቶላ “በላቤ ያገኘሁት ነው” ሲል ኸይረዲን ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ኮሌታውን ያዘው፤ አንዱ ኪሱን ፈተሸው። “ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ተሸክሜ ክር አጉድዬ አላውቅም” አለ ቶላ።  ከመጋረጃው ወዲህ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሴቶች ሰምተው ኖሮ “የኔንም መልሶብኛል”፣ “ከባንክ የወጣውን ሁሉ ፎርጅድ ይላል፤ ሰውዬው ዛሬ ምን ነክቶታል?” እያሉ ተቀባበሉት።

እስከዳር ተናደደች፤ ግን የጠዋቱ የእናቷ ሳቅ ትዝ ሲላት ንዴቷ ወደ ፈገግታ ተለወጠ። “የኔም መብራት ብር ያውቃል” አለችና አበራችበት። ክሮቹ አንድ በአንድ ብልጭ አሉ። ቶላ ጎንበስ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱን በጆንያው ጫፍ ጠረገ። “እውነተኛ ነው” አለችው። “ግቡና እናንተም እዩ” ብላ ሴቶቹንም ጠራቻቸው። የገዛ መብራቷ የሰው ስም ሲመልስ ማየት ልቧን ሞላው፤ አሸብርን መረቀችው፤ እናቷን መረቀች።

የቶላ መንጋጋ ሊሞላ የሚችል ነበር። ዕቃዋን ልታሰናዳ ብርጭቆ ሳህኑን ስትስብ የእስክሪብቶ ቀለበቷ ከነሙሌቷ ተቀምጣ ጠበቀቻት። በመፈተሻዋ ጭራ ገፋ አድርጋ አወጣቻት። ላዩን መታችው፤ ቀጭ አለ። ገለበጠችውና ሥሩን ቧጨረች። መፈተሻው ሰተት ብሎ ገባ። ስታወጣው ነጭ ነገር እንደ ማስቲካ ተከትሎት ተሳበ።

 የሰኪና የፊት ጥርስ ውስጥ ያለው ይሄው ነው። ላዩ ነገ የሠርጉን ሥጋ እስኪነክስ ይበቃል። ከዚያ ይሰበራል፤ ባይሰበር ምራቅ ከሥሩ ገብቶ ጥርሱን ይጨርሰዋል። እጇ ላይ ያለውን መብራት እንደገና አበራችና ካፖርቷ ላይ አሳረፈችው። ካፖርቱ ቦግ አለ። ድሮ በተቀጠረችበት ክሊኒክ የነበረው መብራት ካፖርት ላይ ሲያርፍ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይቀራል እንጂ እንዲህ አይንቦገቦግም። ጠዋት እንደ ጌጥ ያየችው ነገር ነው። ብር ላይ ያለውን ክር የሚያስነሳው ብርሃን ሌላ፣ ሙሌቱን እስከ ሥሩ የሚያጠነክረው ብርሃን ሌላ ነው። የእሷ መብራት ብር ያውቃል፤ ጥርስ አያውቅም።

ታዲያ ጥርስ የሚያውቀው፣ ብር የማያውቀው የት አለ? ይህን ለራሷ ጠይቃ ሳትጨርስ ዓይኗ ቶላ ላይ አረፈ። ቶላ ኖቱን አጥፎ ወደ ኪሱ እየመለሰ ነው። ኸይረዲን የሰውን ብር ሁሉ ፎርጅድ ያለበት መብራት።

“አዲሱን መብራት ከየት አመጣሁ አለ?” ስትል ጠየቀችው።

“‘አሸብር ከቻይና አምጥቶልኝ’ እያለ ነበር ሲያሳይ።”

እስከዳር ሳቀች። ፈርታ ሳለ ሳቀች፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጥተውባት መለየት አቃታት። ምንም ያልተጻፈባቸው ሁለት ነጭ ካርቶኖች በአንድ ሻንጣ መጥተው፣ አሸብር የጥርሱን ለብር መርማሪው፣ የብሩን ለጥርስ ሐኪሟ አድሏል። “ጋሼ ቶላ፣ ጥርስዎን በዚህ መብራት አልሞላም” አለችው ማስታገሻ እየሰጠችው። “ይከተሉኝ። ስምዎንም መብራቴንም እናምጣ፤ የጥርሱ ሒሳብ በኋላ ይደርሳል።” ሴቶቹን እንዲጠብቁ ለምና፣ መብራቱንና ሥሩ ያልጠነከረውን ቁራጭ በብልቃጥ ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ከአብነት ወደ ዱባይ ተራ ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ ሄዳበታለች፤ እንደዚያን ቀን ግን ረዝሞባት አያውቅም። ቶላ ፊት ፊት እየመራ “ወገብ፣ ወገብ” ይላል፤ ሸክም ሳይኖረው ሸክም እንዳለው ሕዝቡ ይከፈልለታል። በምንጣፍ ክምር፣ በፕላስቲክ ባልዲ ተራራ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ በሚለፈልፍ የካልሲ ነጋዴ መሐል አለፉ። ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ መውጣቷን ያወቀችው ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያያት ነው። መብራቱን እንደምታገኘው አውቃለች፤ ይህ ያስሮጣታል። እግሯን የሚይዛት ሌላ ነው። እናቷ ከዓመት ዝምታ በኋላ የሰጠቻትን ስጦታ “አይሠራም” ልትላት ነው። በዚያ ላይ መክፈቻዋን፣ ያውም ሠርኬ ራሷ ያመጣችውን መክፈቻ፣ ተመለሺ ብላ ልትጠራ ነው። ዝምታው ተመልሶ ቢመጣ መቼ እንደሚለቃቸው አታውቅም።

ሠርኬ ጫማ እስከ ጣሪያ በተደረደረባት ጠባብ ሱቋ ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጇ ከነካፖርቷ ዱባይ ተራ ስትገባ ስታይ መጀመሪያ ፊቷ በራ፤ ሱቁን የተወችው ልጅ ሐኪም ሆና ሰው ሁሉ እያየ መጣች። ቀጥላ የእስከዳርን ፊት አየችና ተነሳች። እስከዳር የምትለውን ከመንገዱ ጀምራ አሰናድታ ነበር፤ አንዱም አልወጣላትም። ብልቃጡን ከፍታ ቁራጩን እናቷ መዳፍ ላይ አደረገችው።

“ላዩን በጥፍርሽ ንኪው” አለቻት። ሠርኬ ነካችው፤ ጥፍሯ ተንሸራተተ። “አሁን ገልብጪው።” ሥሩ ላይ የጥፍሯ ምልክት ጥልቅ ብሎ ቀረ። ሠርኬ ዕድሜዋን ሙሉ ላዩ ቆዳ፣ ውስጡ ካርቶን የሆነ ጫማ እየለየች የኖረች ሴት ናት። ማብራሪያ አልጠየቀችም። ቁራጩን እንደያዘች ማዶ ወዳለው የሰኪና ሱቅ አየች። ሰኪና በሩ ላይ ቆማ ለደንበኛ ጥርሷን ታሳያለች፤ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

“እዚያም ውስጥ ያለው እንዲህ ነው?”

“እንዲህ ነው። ሳልሞክረው ነው ያበራሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“መክፈቻ ተመልሶ አያውቅም” አለች ሠርኬ ቀስ ብላ። ከዚያ ዝም አለች። እስከዳር ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ሲገባ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ዝምታ ነው። የምትለው ብዙ ነበራት፤ ስለ ሥጋው፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ስሟ። ግን አንድ ብቻ ተናገረች።

“አውቄ እዚያ ልተወው አልችልም፣ እማዬ። የኔም ሥራ የራሱ ሕግ አለው።”

ሠርኬ ልጇን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አየቻት። ቁራጩን በልጇ መዳፍ ላይ መለሰች፤ ሱቁን ለጎረቤት አደራ አለች፤ ከመቀነቷ የመቶ ብር ኖት ፈትታ “መብራትሽን ያዢ” ብላ ቀደመቻት።

የኸይረዲን ሱቅ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ኸይረዲን ጣቃዎቹ መሐል ላብ በላብ ሆኖ፣ ከአንዱ ኖት ወደ ሌላው መብራቱን እያዞረ ራሱን ይነቀንቃል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰሞኑን ፎርጅድ ተሰጥቶት አንጀቱ ያረረ ሰው ነው። ሠርኬ ሰላም ሳትል ባንኮኒው ላይ ኖቷን ዘረጋች።

“አብራበት።”

አበራ። ወረቀቱ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነጥብ አረፈና እንደዚያው ቀረ። አንድም ክር አልታየም። “ያንቺም ሠርኬ?” አለ ኸይረዲን ድምፁ እየሰለለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሠርኬ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ እስከዳር የራሷን መብራት አቀበለቻት። ክሮቹ ያን ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት ብልጭ ብልጭ አሉ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ጋለሪው በሙሉ ሳቀ። ኸይረዲን ግን አልሳቀም። ከሰው መሐል ቶላን አይቶታል። ከባንኮኒው ኋላ ወጣ፤ ቶላን ትከሻው ላይ ሳመው። ጠዋት ስም ያጠፋው ጮክ ብሎ ነበርና ይቅርታውንም ጮክ ብሎ ጠየቀ፤ ያንን ቀሚስም አጥፎ ያለ ዋጋ እጁ ላይ አደረገለት። ቶላ ቀሚሱን ተቀበለ፤ ኖቱን ግን በግድ ባንኮኒው ላይ አኖረ። “አብራበት” አለ።

“ያንተ ይሄ ነው” አለች ሠርኬ ወይን ጠጁን መብራት ኸይረዲን ፊት አስቀምጣ። “ብር የማያውቀውን ለኔ ስጠኝ። ለልጄ ነው።”

ልጄ አለች። እስከዳር ይህን ሰምታ ጣቃዎቹን የምታይ መሰለች። ገና ግን አልተጨረሰም። ሠርኬ ወደ ማዶ ዞረችና፣ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ በላይ በሚሰማ ድምፅ “ሰኪና፣ የጠዋቱን መክፈቻ መልሺልኝ” አለች።  አንዲት አሮጊት ነጋዴ ከንፈሯን መጠጠች። ሁለት የግራ እግር ጫማ ያልመለሰች ሴት ከሰው አፍ ውስጥ መክፈቻ ስትመልስ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

“ጥርሴ ነው እኮ፣ ሠርኬ” አለች ሰኪና አፏን በሻርፗ እየሸፈነች።

“ጥርስሽ ይቀርልሻል። የሞላንበት ነው የሚመለሰው። ሥሩ አልጠነከረም፤ ነገ ያሳፍርሻል። መብራቱን ያሳሳትነው እኛ ነን።”

ሰኪና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሱቋን ዘጋች።

አብነት ሲደርሱ የተራ ጠባቂዎቹ ቁጥር ጨምሮ ነበር፤ ወሬው በሌላ መንገድ ቀድሟቸዋል። ሠርኬ የጠዋቱን ኖት ከልጇ ተቀብላ ለሰኪና መለሰችላት፤ እስከዳርም ሰኪናን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ግን አፏን አላስከፈተቻትም። ከእስክሪብቶ ቀፎው አዲስ ቀለበት ቆረጠች፣ ሞላች፣ በአዲሱ መብራት ከላይ አበራችበት። ሰማያዊው ነጥብ ጥርት ብሎ ቀለበቷ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ ካፖርቷም አልበራ፣ የሰኪና ሻርፕም አልበራ። ሠርኬ ከመጋረጃው ሥር እጇን አጣጥፋ ቆማለች። መክፈቻ ሲጠብቅ አየች፤ አንድ ቃል አልወጣትም። እስከዳር ቁራጩን ገፍታ አውጥታ ገለበጠችውና ሥሩን ቧጨረች። መፈተሻው ተንሸራተተ። ጨክና ቧጨረች፤ አሁንም ተንሸራተተ። ሳታስበው ዓይኗ እንባ አቀረረና ቁራጩን ለእናቷ ዘረጋችላት። ሠርኬ በጥፍሯ ሞከረችው፤ አላመነችም፤ ጥርሷ መሐል አድርጋ ነከሰችው። ነጩ ቁራጭ ንክች አላለም።

የጠዋቱ ሙሌት ለመውጣት ብዙ አላስቸገረም፤ ላዩ እንደ ተሰነጠቀ ልጣጭ ተነሳ፤ ሥሩ ተጠርጎ ወጣ። እስከዳር አጸዳችና በዚህኛው ጊዜ በስሱ በስሱ እየደረበች ሞላችው፤ በየድርቡም ልታበራ መብራቱን አነሳች። ከዚያ ዞር ብላ ለእናቷ ሰጠቻት። “ያዢልኝ” አለቻት። “ጠጋ አድርጊው። እኔ ተዪ እስክልሽ እንዳታነሺው።” ሠርኬ ያዘች። እስከዳር የእናቷን እጅ ከሥሩ በራሷ እጅ ደገፈችው፤ ድርቡ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ሆነው ቆዩ።

ሰኪና መስታወቱን አየች። አንዴ ተታልላለችና ለመሳቅ አልቸኮለችም፤ በምላሷ ዳሰሰችው፤ ጥርሷን ግጥም አደረገች። ከዚያ ሳቀችው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ሁሉ አብረው እስኪስቁ። ሰኪናም ሠርኬ የመለሰችላትን የጠዋቱን ኖት ቦርሳዋ ውስጥ ፈልጋ አወጣችና “በይ ሠርኬ፣ መክፈቻሽ” ብላ ዘረጋችላት።

ሠርኬ ኖቱን ተቀብላ ሳታየው ለልጇ አቀበለች። በጥርሷ የሞከረችውን፣ በሌላው እጇ እንደያዘችው የቀረውን ነጭ ቁራጭ አወጣች፤ ሳመችው፤ ግንባሯን አስነካችው፤ የመክፈቻ ገንዘቧን በምትቋጥርበት የመቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ፣ ጉንጩን ይዞ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ቶላን አየችው።

“ይግቡ” አለችው። “ልጄ ሞክራዋለች።”